500ኢ ወይስ ኢ39 ኤም 5፦ የስፖርት ሴዳንን በትክክል የሠራው ማን ነው?

ባለቪኤይት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። የቢኤምና የማርቸዲስ ክርክር እዚህ ቤት በየጊዜው ይነሣል፤ መጨረሻው ግን ሁሌም የፈረስ ጉልበት ቆጠራ ነው። እስቲ ዛሬ በሌላ በኩል እንየው። ለቤተሰብ ተብሎ የተነደፈ መኪና ውስጥ ትልቅ ሞተር መክተት ጎበዝ ጋራዥም አያቅተውም። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ነው፤ ሙቀቱ፣ ዘይቱ፣ መሪው፣ ፍሬኑ፣ የፊትና የኋላ ክብደቱ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትቶ፣ መኪናውን ደግሞ የጎረቤት ታክሲ አስመስሎ የለቀቀው ማን ነው?

የኔ መልስ ማርቸዲስ 500ኢ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1990 በፓሪስ የመኪና ትርኢት የወጣው፣ በደብሊው124 (የዘመኑ መካከለኛ የማርቸዲስ መኪና የፋብሪካ መጠሪያ) ላይ የተሠራው። ከማርቸዲስ የስፖርት መኪና ከ500ኤስኤል የመጣ 5 ሊትር ቪ8፣ 32 ቫልቭ፣ መጀመሪያ 326 የፈረስ ጉልበት፣ በኋላ 320። ከ0 እስከ 100 በ6 ሰከንድ ገደማ፤ ፍጥነቱ 250 ላይ የታሰረ። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች ማንንም አያስደንቁም። እኔን የሚገርመኝ ባትሪው ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ ወደ ኋላ ሻንጣ መጫኛው መሄዱ ነው። አንድም ለሞተሩ ቦታ ለቀቀ፣ አንድም ክብደቱን ወደ ኋላ ሳበ። የኋላው ሰስፔንሽን ጭነት ሲበዛ ራሱን በሃይድሮሊክ ያስተካክላል። ፍሬኑ ከ500ኤስኤል የመጣ ነው፣ ፊት በአራት ፒስተን የሚይዝ። ኋላ ወንበሩ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። አንድ ነገር ተነክቶ ሌላው እንዳለ የተተወበት ቦታ አላገኘሁም።

ተቃውሞ ካለ እሰማለሁ፤ ግን «የኔ ያምራል» ክርክር አይደለም።

---

የቨርጂኒያው

ተቃውሞ አለ። ጥሩ መኪና ነው፣ አልክድም፤ ግን ካምቢዮው ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። በዚያ ካምቢዮ የስፖርት መኪና ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የቢኤሙን ኤም 5፣ ኢ39ን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 ጄኔቫ ላይ የታየው። 4,941 ሲሲ፣ 400 የፈረስ ጉልበት፣ 500 ኒውተን ሜትር፣ ባለስድስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ብቻ፤ አውቶማቲክ የሚባል ምርጫ አልነበረውም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር መዝጊያ አለው፣ ስምንት ማለት ነው። በተለመደው ሞተር አንድ መዝጊያ በር ላይ ቆሞ ለሁሉም ያድላል፤ ነዳጁን ስትረግጥ በመካከሉ ያለው ሰፊ ክፍል እስኪሞላ ሞተሩ ይዘገያል። እዚህ መዝጊያው ቫልቩ አጠገብ ስለሆነ እግርህና ሞተሩ መሃል የሚሞላ ባዶ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ለሙዚየም የተሠራም አይደለም፤ 20,482 ተሠርቷል።

---

ጋራዥ_ልደታ

ሁለታችሁም ልጆቼ ትሆናላችሁ፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የቨርጂኒያው፣ ያወራኸው ሁሉ ከኮፈኑ ሥር ነው። ወደ መሪው ና። ባለስድስት ሲሊንደሩ ኢ39 ዘመናዊ ጥርሰ-ዘንግ መሪ ነበረው፤ ቀጥተኛ፣ መንገዱን ለእጅ የሚነግር። ቪ8 ሲገባበት ግን ጥርሰ-ዘንጉ የሚቀመጥበትን ቦታ ሞተሩ ወሰደው። ምን አደረጉ? ኳስ በውስጡ የሚሽከረከርበትን የድሮውን ዓይነት የመሪ ሳጥን መለሱ። ኤም 5ም ያንኑ ይዞ ነው የወጣው። ከተራው ባለስድስት ሲሊንደር 520 የሚበልጥ መኪና ከ520ው ያነሰ መሪ ያዘ ማለት ነው።

ፍሬኑም እንደዚያው። የፊት ዲስኩ ትልቅ ነው፣ 345 ሚሊሜትር፤ የሚይዘው ግን ባለአንድ ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐር። ማርቸዲሱ ከስምንት ዓመት በፊት አራት አድርጎ ነበር።

---

ባለቪኤይት

ጋሼ እጅ ነስቻለሁ 😂 የኔን ሥራ ሠሩልኝ።

---

ጋራዥ_ልደታ

አትቸኩል። ያንተውም ምሕረት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ከወጡት ማርቸዲሶች የብዙዎቹ የሞተር ሽቦ ልባስ በሙቀት እየደረቀ እንደሚሰነጠቅ ዓለም የሚያውቀው ነው። በጠባብ ቦታ ውስጥ ለታጨቀ ቪ8 ደግሞ ሙቀቱ አይጣል። የመሪ ሳጥኑም ያው የድሮው ዓይነት ነው፤ ግን ደብሊው124 ከ200ው ጀምሮ እንዲሁ ስለሆነ ወደ ኋላ ሄደ አይባልም።

---

ዙፈንሃውዘን_ሰፈር

የምኖረው ሽቱትጋርት ነው፤ ይህ ታሪክ የሰፈሬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 500ኢ ላይ ስትከራከሩ ማን እንደሠራው ማንሳት ረሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ማርቸዲስ ሥራውን ለፖርሽ ሰጠው። ፖርሽ ያን ጊዜ በጣም ተቸግሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 አክሲዮን ገበያው ከወደቀ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ አሽቆልቁሏል፣ መሐንዲስና አዳራሽ እንጂ በቂ ሥራ የለውም። ማርቸዲስ ደግሞ ሞተር አለው፣ መኪና አለው፤ ችግሩ ይህ መኪና በራሱ መስመር አይሄድለትም። ፓራፋንጎዎቹ ሲነፉ መኪናው በ56 ሚሊሜትር ሰፋ፤ ዚንደልፊንገን ያለው የማርቸዲስ መገጣጠሚያ መስመር ያንን ስፋት አያሳልፍም። አስቡት፤ የዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ፋብሪካዎች አንዱ፣ በሁለት ጣት ስፋት ተሸነፈ።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። ዚንደልፊንገን የአካሉን ክፍሎች ፖርሽ ወዳለበት ወደ ዙፈንሃውዘን ይልካል። ፖርሽ ያንን በሰፊ ፓራፋንጎ አድርጎ አካሉን ይሠራል። ከዚያ አካሉ ቀለም ለመቀባት ወደ ዚንደልፊንገን ይመለሳል። ተቀብቶ እንደገና ወደ ዙፈንሃውዘን፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ እግር፣ ወንበር ይገባለታል። ሲያልቅ ደግሞ ለመጨረሻ ፍተሻና ለርክክብ ወደ ዚንደልፊንገን። አንዱ መኪና ተሠርቶ ለማለቅ 18 ቀን ይፈጅ ነበር። የተገጣጠመበት አዳራሽ ሮስለ-ባው ይባላል፤ ፖርሽ 959 በእጅ የተሠራበት ቤት ነው። 500ኢ ሊያበቃ ሲል ኦዲ አርኤስ2ም እዚያው ተሠራ። በጠቅላላው 10,479 500ኢ ወጣ፤ ዋጋው ከ130,000 ማርክ በላይ ነበር።

የሒሳብ ሰው ይህን አሠራር ቢያይ ያብዳል፤ የቆርቆሮ አካል በጭነት መኪና ከተማ ለከተማ እየተመላለሰ! ባለቪኤይት «የተተወ ነገር የለም» ያልከው ግን ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አንድ መኪና በተራ መስመር ላይ ሲሄድ መሐንዲሱ የሚነካው መስመሩ የሚፈቅድለትን ብቻ ነው። ይህኛው ከመስመሩ ወጥቷል፤ ስለዚህ ወለሉን ሳይቀር ከፊት በኩል መቀየር ቻሉ።

---

የቨርጂኒያው

> ይህኛው ከመስመሩ ወጥቷል

ይህ ለኔ ክርክር ይጠቅማል እንጂ አይጎዳኝም። ከመስመር ወጥቶ ጥሩ መኪና መሥራት ቀላሉ ነው። የቀደሙት ኤም 5ዎች፣ ኢ28 እና ኢ34፣ በእጅ ነበር የሚገጣጠሙት። ኢ39 የመጀመሪያው ነው በዲንጎልፊንግ የቢኤም ፋብሪካ መስመር ላይ ከ520ውና ከ530ው ጋር ተሰልፎ የወጣው። ጋሼ የተናገሩት የመሪው ጉዳይ ሐቅ ነው፤ ዋጋው ያ ነበር። ግን 400 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ከተራው ወንድሙ ጋር በአንድ መስመር፣ በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ጥራት ማውጣት ራሱ ምሕንድስና አይደለም?

---

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት

ይቅርታ መሃል ስለገባሁ። ኢ39 ላይ ዘይቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ነገር አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው? ለምንስ አስፈለገ? ተራ መኪና ላይ ዘይት ታች ተጠራቅሞ ፓምፕ ይስበዋል፣ አለቀ።

---

የቨርጂኒያው

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ተራ መኪና በመታጠፊያ ላይ ጎማው ቀድሞ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ዘይቱ ብዙ የመሸሽ ዕድል የለውም። ይህ መኪና ሰፊ ጎማ ይዞ፣ በፍጥነት፣ ረጅም መታጠፊያ ውስጥ ሲቆይ ዘይቱ ወደ ውጭኛው ጎን ይገፋል። ቪ8 ደግሞ ሁለት ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) አለው፣ ግራና ቀኝ። ወደ ግራ ስትታጠፍ የቀኙ ቴስታታ ውስጥ ዘይት ይታቆርና ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ታች ያለው ፓምፕ አየር ከሳበ ደግሞ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበትን ልባስ) ለመብላት ረጅም ጊዜ አይፈልግም።

እነሱ ያደረጉት ይህን ነው። መኪናው ወደ ጎን ምን ያህል እየተገፋ እንደሆነ የሚለካ ሴንሰር ለመንሸራተት መቆጣጠሪያው አስቀድሞ አለ። የዚያኑ ሴንሰር መረጃ ለዘይቱም ተጠቀሙበት። ግፊቱ ሲበዛ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ የመመለሻውን ፓምፕ ወደ ውጭኛው ጎን ያዞረዋል፤ የታቆረው ዘይት ተስቦ ወደ ታች ይመለሳል። የእሽቅድምድም መኪና ለዚህ ሲባል ለብቻው የዘይት ታንከር ይይዛል። እዚህ ግን ኮፈኑ ሥር ቦታ የለም፣ ባለቤቱም ዘይት ለመቀየር መሐንዲስ አይቀጥርም።

---

ንድፍ_ወዳድ

እኔ ሞተሩን ለናንተ ልተው፣ ስለ መልኩ አንድም ሰው አልተናገረም። ደብሊው124 የወጣው ብሩኖ ሳኮ የማርቸዲስ ንድፍ ክፍል ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ነው። መኪናው ከኋላ እየጠበበ የሚሄደው ለውበት ብቻ አይደለም፤ አየሩ ሳይበጣጠስ እንዲለቀው ነው። እንግዲህ እንዲህ ጥንቅቅ ያለ አካል ላይ ፓራፋንጎ ንፋ ስትባል ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው ጠርዙ ላይ ፕላስቲክ ይለጥፋል። እነሱ ቆርቆሮውን ራሱ ከበሩ ጠርዝ ጀምረው ቀስ ብለው አወጡት። ከጎን ስታየው ምንም የለም፤ ከፊት ስታየው ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። 23 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል፤ የጭጋግ መብራቱ ፓራውልቱ ውስጥ ገብቷል። በቃ።

ኢ39ን የነደፈው ጆጂ ናጋሺማ ነው። ኤም 5ም ላይ ብዙ አልጨመሩም፤ አራት የጭስ ማውጫ፣ 18 ኢንች ቸርኬ፣ መስታወትና ፓራውልት። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ኤም 5፣ ኢ28፣ ከዚህም የባሰ ደብቆት ነበር። ጉልበቱ 286 ነው፣ ሞተሩ የቢኤም የስፖርት መኪና የኤም 1 ዘር ነው፣ መልኩ ግን ከተራው 5 ሲሪስ ብዙም አይለይም። በዚያው ዘመን ክንፍ ለጥፎ የሚያጓራው ኤም535አይ ነበር፣ ከሱ በጣም የሚያንስ ሞተር ይዞ! አሁን ያለውን ኤም 5 ደግሞ ተመልከቱ፤ ፊት ፓራፋንጎው ብቻ በ75 ሚሊሜትር ሰፍቷል። 500ኢ 56ቱን ሊደብቅ ደከመ፣ ይኼኛው 75ቱን ሊያሳይ።

---

ቻርጅ_አድርግ

ሰዎች፣ ሳይመሽ ንቁ። እዚህ አገር የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ከቻይና የሚመጣው ባለባትሪ ሴዳን ሁለቱንም መኪኖቻችሁን መብራት ላይ ጥሏቸው ይሄዳል። ስምንት መዝጊያ፣ ሁለት ቴስታታ፣ የዘይት ቫልቭ... አንድ ሞተር፣ አንድ ባትሪ፣ አለቀ።

---

ዙፈንሃውዘን_ሰፈር

መብራት ላይ መጣል አንድ ጊዜ ነው፤ ጥያቄው አስረኛው ጊዜ ምን ይሆናል ነው። ባለባትሪ መኪና ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ባትሪውም ሞተሩም ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል። ፖርሽ ታይካንን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያስተዋውቅ የመኪናውን የሙከራ ሞዴል ከ0 እስከ 200 ኪሎ ሜትር 26 ጊዜ በተከታታይ አስነሥቶ ያሳየው ለዚህ ነው። 800 ቮልት የመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ቮልቴጁ ሲበዛ ያንኑ ጉልበት በትንሽ አምፔር ታስተላልፋለህ፣ ሽቦው ይቀጥናል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል። ከኋላ ደግሞ ባለሁለት ማርሽ ካምቢዮ አለው፤ አንዱ ለመነሻ፣ አንዱ ለአውቶባን። ካምቢዮ የሌለበት ዘመን መጣ ሲባል ካምቢዮ ጨመሩ!

ታይካንም የሚሠራው እዚሁ ዙፈንሃውዘን ነው። ጣጣው መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

---

ጋራዥ_ልደታ

ቻርጅ አድርግ፣ አንድ ነገር ላይ እውነት አለህ፤ እሱም አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ የሚተነፍሰው አየር ስለሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የቨርጂኒያው ኢ39 እዚህ ቢመጣ 400ው 310 ገደማ ይሆናል። 500ኢውም ወደ 250 ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙውን ያካክሳል፤ ባለባትሪው ደግሞ አየር አይተነፍስም።

ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። የሳሳው አየር መኪናውንም ያን ያህል አይገፋውም። ስለዚህ የመጨረሻው ፍጥነት እንደ ጉልበቱ አይወድቅም፤ የሚጎዳው መነሻውና ዳገቱ ነው። የሳሳ አየር ግን ራዲያተርና ፍሬንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ባለባትሪም ሆነ ባለነዳጅ፣ ከእንጦጦ ሲወርድ ክብደቱን ተሸክሞ የሚያስቆመው ያው ፍሬን ነው። ባለባትሪው ሲወርድ ኃይሉን መልሶ ይሰበስባል ትለኛለህ፤ ልክ ነህ፣ ባትሪው ከላይ ሲነሣ ሞልቶ ካልነበረ።

---

ባለቪኤይት

ጋሼ ክብደት ካነሱ አይቀር፣ እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤም 5 727 የፈረስ ጉልበትና 1,000 ኒውተን ሜትር አለው። ቪ8ቱ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮ፣ ወለሉ ሥር ባትሪ ተነጥፎ። ክብደቱ ከ2.4 ቶን በላይ። ከ0 እስከ 100 በ3.5 ሰከንድ። ከሱ በፊት የነበረው ኤፍ90 ኮምፒቲሽን በ625 የፈረስ ጉልበት በ3.3 ይሄድ ነበር። መቶ ፈረስ ጨምሮ ዘገየ!

---

የቨርጂኒያው

ምክንያቱ መሐንዲሱ አይደለም፣ የአውሮፓ የጭስ ሕግ ነው። ኩባንያው የሚሸጣቸው መኪኖች አማካይ ልቀት ከተወሰነው በላይ ከሆነ ይቀጣል፤ በባትሪ ብቻ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኤም 5 በወረቀት ላይ ትንሽ ነው የሚያጨሰው። ኢ39 ከ1.8 ቶን በታች ነበር። ከአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲቆም የአዲሱ ፍሬን የሚውጠው ሙቀት ከሲሶ በላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትልቅ ፍሬን፣ ትልቅ ፍሬን ትልቅ ቸርኬ፣ ትልቅ ቸርኬ ሰፊ ፓራፋንጎ። የንድፍ ወዳድ 75 ሚሊሜትር በከፊል ከዚህ ነው የመጣችው።

ጉልበት ለብቻው ሲታሰብ ምን እንደሚሆን ኢ39ን የተካው ኤም 5፣ ኢ60ም አሳይቷል። 5 ሊትር ቪ10፣ 507 የፈረስ ጉልበት፣ እስከ 8,250 የሚዞር፤ ድምፁን የሰማ አይረሳውም። መኪናው ሲነሣ ግን 400 ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ ቀሪውን በቁልፍ ትጠይቀዋለህ። ያ ሞተር የቢየላ ብሮንዚን ቶሎ እንደሚጨርስ ደግሞ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ያገለገለ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብሮንዚኑ ተቀይሯል ወይ» ነው። አሜሪካኖች ለእጅ ካምቢዮ ጮኸው ማስመጣታቸውን ግን አመሰግናለሁ።

---

አወያይ

ቻርጅ አድርግ የጻፋቸው ሁለት መልእክቶች ተነሥተዋል፤ ስድብ እዚህ አይፈቀድም። በርዕሱ ቀጥሉ።

---

ንድፍ_ወዳድ

እኔ አንዱን ምረጪ ብባል 500ኢን እመርጣለሁ፤ ለመሪውም ለፍሬኑም ብዬ አይደለም። ኢ39 ቆንጆ ነው፣ ግን አራቱ የጭስ ማውጫዎች ከኋላ ያለውን ሹፌር ይነግሩታል። ያኛው ምንም አይናገርም።

---

የቨርጂኒያው

እኔ አሁንም ኢ39። ሦስተኛውን ማርሽ በእጄ ካላስገባሁ ለኔ የጉዞ መኪና ነው።

---

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት

ጋሼ፣ ዱባይ ያለ የአጎቴ ልጅ «500ኢ» የተባለ መኪና በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ፓራፋንጎው ሰፊ ነው፣ ኋላ ላይ ጽሑፉም አለ። ኋላ ወንበሩ ግን ለሦስት ሰው ይመስላል። እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃል?

---

ጋራዥ_ልደታ

ጽሑፉ በጥቂት ብር ይገዛል፣ ፓራፋንጎም ይለጠፋል፤ እነሱን ይተዋቸው። ኋላ ለሦስት ሰው ከሆነ አሁኑኑ ይጠራጠር። ቀጥሎ ሻንጣ መጫኛውን ይክፈት፤ ባትሪው እዚያ መኖር አለበት። ኮፈኑን ይክፈት፤ ቪ8 እንጂ በመስመር የተደረደረ ስድስት ሲሊንደር ካለ ይዝጋውና ይሂድ። ፓራፋንጎው ላይ ማግኔት ያስጠጋ፤ እውነተኛው ቆርቆሮ ስለሆነ ይይዛል፣ ፋይበር ከሆነ ይወድቃል።

ከሁሉ በላይ የሻሲ ቁጥሩን ያንብብ። ለአሜሪካ የተሠሩት አጻጻፋቸው ይለያል፤ በሌሎቹ ላይ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ቀጥሎ 124036 መኖር አለበት። ሌላ ቁጥር ካለ ተራ ደብሊው124 ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን። ፎቶውን በግል ላክልኝ፣ አያለሁ።